ከአዋሽ እስከ ጀሪካን፦ የአዳማ ውሃ የሚበላሸው የት ላይ ነው?

አዳማ ላይ ውሃ ሲጠፋ ከማንም አይሰወርም። ቦኖው ዙሪያ ቢጫ ጀሪካን ይደረደራል፣ ባለጋሪው ዋጋ ይሰቅላል፣ ሮቶ ያለው ጎረቤት ሰላም ባዩ ይበዛለታል። ውሃ ሲበላሽ ግን ምልክት የለውም። መልኩ ያው ነው፣ ጣዕሙም ያው። ከሁለት ከሦስት ቀን በኋላ ሕፃኑን ተቅማጥ ሲይዘው እናት «ጥርስ ሊያወጣ ነው» ትላለች፤ ጎረቤትም «አዎ፣ የኔም እንዲሁ ነበር» ትላለች፤ ነገሩ እዚያው ላይ ያልቃል።

ስለ ከተማችን ውሃ ስናወራ ወሬው ሁሉ ስለ ፈረቃና ስለ መጠን የሚሆነው ለዚህ ይመስለኛል። ስንት ቀን ጠፋ፣ የትኛው ሰፈር አልደረሰውም፣ ስንት ኪሎ ሜትር መስመር ተዘረጋ። ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት በንጹሕ ውሃ፣ በመጸዳጃ ቤትና በእጅ ንጽሕና ጉድለት እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ 1.4 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ሲገምት ግን ያሰበው ቧንቧ ያልደረሰውን ሰው ብቻ አልነበረም፤ በቧንቧ የመጣለትን ጠጥቶ የታመመውም እዚያ ውስጥ አለ።

የኔ ክርክር ይህ ነው፦ የአዳማ ነዋሪ የሚጠጣው ውሃ በአብዛኛው የሚበከለው ከማጣሪያ ጣቢያው ከወጣ በኋላ ነው፤ የሚበክለውም ከየግቢያችን የሚወጣው ፍሳሽ ነው። እዚያ ከመድረሳችን በፊት ግን ከተማዋ ለምን የአዋሽን ውሃ ለመጠጣት እንደተገደደች ማየት ያስፈልጋል።

ከመሬት የሚወጣው፣ ከወንዝ የሚመጣው

አዳማ ያለችው ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው። ከሥሯ ያለው አለትና አመድ እሳተ ገሞራ የተፋው ነው፤ በውስጡም ፍሎራይድ አለ። የከርሰ ምድር ውሃ በዚህ አለት መካከል ለዘመናት ሲያልፍ ፍሎራይዱን እያሟሟ ይሸከማል። ሌላ አካባቢ ቢሆን በውሃው ውስጥ ያለው ካልሲየም ከፍሎራይዱ ጋር ተጣብቆ ባስቀረው ነበር። የስምጥ ሸለቆው ውሃ ግን ሶዳ የበዛበት፣ ካልሲየም ያነሰው ነው፤ ስለዚህ ፍሎራይዱ እንደሟሟ ይቀራል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን በስምጥ ሸለቆው ያሉ ብዙ ጉድጓዶች ከዚህ ብዙ እጥፍ ይይዛሉ።

ይህ በሰው ላይ ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ወንጂ እዚሁ ናት። የሆላንዱ ኤች.ቪ.ኤ. ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1954 እዚያ ስኳር ማምረት ሲጀምር ሠራተኛው ከየአገሩ መጥቶ በካምፕ ሰፈረ፤ የሚጠጣውም የጉድጓድ ውሃ ነበር። ውሃው ኩልል ያለ ነው፤ ዓይን የሚጠራጠርበት አንድም ነገር የለውም። ልጆች ግን ቡናማ ጥርስ አበቀሉ። ይህ የሚታየው ጉዳት ነው። የባሰው ዘግይቶ መጣ። ፍሎራይዱ ለዓመታት አጥንት ውስጥ ሲጠራቀም ቆይቶ አከርካሪን ያደርቃል፤ አንገቱን ማዞር፣ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ማሰር ያቃተው ሠራተኛ ታየ። የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ባሳተሙት ጥናት ችግሩን በሰፊው ካስታወቁት መካከል ናቸው። ቡናማው ጥርስ ደግሞ ወንጂ ላይ አልቀረም። በሌላ ከተማ «የናዝሬት ልጅ ነህ እንዴ?» ተብሎ በጥርሱ የተለየ የአዳማ ሰው ጥቂት አይደለም፤ ብዙዎቻችን በቀልድ እናልፈዋለን እንጂ የሕፃንነት መጠጣችን የተወልን ማኅተም ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በደንብ ይያዝልኝ። «አፍልታችሁ ጠጡ» የሚለው ምክር ለፍሎራይድ አይሠራም። ማፍላት ተህዋስያንን ይገድላል፤ ፍሎራይድ ግን ነፍስ የለውም። እንዲያውም ውሃው በተነነ ቁጥር ፍሎራይዱ በቀረው ውስጥ እየበዛ ይሄዳል። ተራው የሸክላ ማጣሪያም አይዘውም። የሚይዙት በአጥንት ከሰል፣ በአክቲቬትድ አሉሚና ወይም በሪቨርስ ኦስሞሲስ የሚሠሩ ማጣሪያዎች ናቸው፤ ሁሉም ወጪና ክትትል ይፈልጋሉ፤ ክትትሉ ሲቋረጥ ማጣሪያው ለስሙ ይቆማል። ሙቀቱም ሌላ ጣጣ አለው። ሞቃት አካባቢ ሰው ብዙ ይጠጣል፤ ብዙ ሲጠጣ የሚወስደው ፍሎራይድም ይጨምራል። ስለዚህ ደገኛውን የማይጎዳ ውሃ የአዳማን ሰው ሊጎዳ ይችላል።

በዚህ ሚዛን ሲታይ ከተማዋ ከቆቃ ግድብ በታች የአዋሽን ውሃ ጠልፋ፣ አጣርታ ማደሏ ትክክለኛ ውሳኔ ነው ባይ ነኝ። ነገር ግን አዋሽ ንጹሕ ሆኖ አይደርስም። የአቃቂ ወንዝ የአዲስ አበባን ፍሳሽ ይዞለት ይገባል። የሞጆ ወንዝ ቆዳ ፋብሪካዎች ባሉበት በኩል አልፎ ቆቃ ሐይቅ ላይ ይቀላቀላል። ከጣሊያን የጦር ካሣ በተገኘ ገንዘብ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1960 የተጠናቀቀው የቆቃ ግድብ የታሰበው ለመብራት ነበር፤ ዛሬ የላይኛው ተፋሰስ ቆሻሻ ሁሉ የሚጠራቀምበት ሆኗል። ሐይቁ አረንጓዴ ሲለብስ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ሳይኖባክቴሪያ የሚባለው ውሃ ላይ የሚራባ ተህዋስ ነው፤ አንዳንዱ ዝርያ ጉበት የሚጎዳ መርዝ ያመነጫል፤ ይህም መርዝ በማፍላት አይጠፋም።

ማጣሪያ ጣቢያ የሚሠራው ሥራ ቀላል አይደለም። አሉም የሚባል ኬሚካል ይጨመራል፣ ጭቃው ተያይዞ ይዘቅጣል፣ ውሃው በአሸዋ ውስጥ ያልፋል፣ በመጨረሻ ክሎሪን ይገባበታል። ይህ ሂደት ድፍርስንና ተህዋስያንን በማስወገድ በኩል የተፈተነ ነው። የሟሟ ኬሚካልን በተመለከተ ግን ብዙ ተስፋ አይጣልበትም፤ እሱን መከላከል የሚቻለው ሞጆና አቃቂ ላይ ነው እንጂ አዳማ ላይ አይደለም። የአዳማ የውሃ ጉዳይ የአዳማ ብቻ አይደለም የምለው ለዚህ ነው። ያም ሆኖ በየሳምንቱ ሕፃናትን ወደ ጤና ጣቢያ የሚያመላልሰው ኬሚካሉ ሳይሆን ዓይነ ምድር ነው።

ባዶ ቧንቧ ይስባል

ከጣቢያው የሚወጣው ውሃ ትንሽ ክሎሪን ይዞ እንዲወጣ የሚደረገው በመንገድ ላይ ለሚያጋጥመው ብክለት ስንቅ እንዲሆነው ነው። ቤት ሲደርስም ቢያንስ በሊትር 0.2 ሚሊ ግራም ሊቀረው ይገባል። ውሃ ቀን ከሌት በግፊት ሲመጣ ይህ ይሠራል፤ ቧንቧው ቢሰነጠቅ እንኳ ውሃ ወደ ውጭ ይፈሳል እንጂ ከውጭ ምንም አይገባም።

ፈረቃ ይህን ሁሉ ይገለብጠዋል። መስመሩ ሲዘጋ ግፊቱ ይወርዳል፤ የተሰነጠቀው ቧንቧ ዙሪያውን ካለው እርጥብ አፈር መሳብ ይጀምራል። በብዙ ሰፈር የውሃው ቱቦና የፍሳሹ ቦይ ጎን ለጎን እንደሚሄዱ መንገድ ሲቆፈር ያየ ሰው ያውቃል፤ አንዳንድ ቦታ ቱቦው ቦዩ ውስጥ ተጋድሟል። ከዚያ ደግሞ ዲናሞ አለ። ውሃው ሲቀጥን አቅም ያለው ነዋሪ ዲናሞውን በቀጥታ ከመስመሩ ጋር አገናኝቶ ይስባል፤ እሱ ሮቶውን ሲሞላ የጎረቤቱ ቧንቧ ፉጨት ብቻ ያሰማል፣ መስመሩም ያገኘውን ይመጥጣል። ውሃ ሲለቀቅ መጀመሪያ የሚመጣው ቡናማ ውሃ የዚህ ሁሉ ውጤት ነው። ብዙ ሰው «ዝገት ነው» ብሎ ጥቂት አፍስሶ ይቀዳል። ዝገትም አለበት፤ ዝገት ብቻ ቢሆን ግን ምንኛ በታደልን።

ቀጥሎ ጀሪካኑ ነው። እስቲ ቤታችሁ ያለውን ሃያ ሊትር አንሥታችሁ በስልካችሁ መብራት ውስጡን ተመልከቱት። ግድግዳው ላይ የሚያዳልጥ ስስ ሽፋን ታያላችሁ፣ ዕድሜው የገፋ ከሆነ አረንጓዴ። እጅ አይገባበትም፣ ብሩሽ አይደርስበትም። እናቶቻችን ጠጠርና አሸዋ ከጥቂት ውሃ ጋር ጨምረው እየናጡ ያጥቡታል፤ ጥሩ ዘዴ ነው፤ ግን ሽፋኑን ከጥግ ከጥጉ አያስለቅቀውም። ተህዋስያን የሚደበቁት እዚያው ነው፤ ክሎሪኑንም የሚጨርሰው ያው ሽፋን ነው። ጠዋት የክሎሪን ሽታ የነበረው ውሃ ማታ ሽታው ሲጠፋ «ተሻለው» እንላለን። በእርግጥ ስንቁን ጨርሷል። ሰፊ አፍ ያለው ባልዲና በርሜል ደግሞ የባሰ ነው፤ ጣሳው ሲገባ እጅ አብሮ ይገባል፤ ያ እጅ ደግሞ ቅድም የሕፃን ሽንት ጨርቅ ሲቀይር የነበረ ሊሆን ይችላል።

ለዚህ መድኃኒቱ አለ፣ ርካሽም ነው። ውሃ አጋር የተባለውን የክሎሪን ፈሳሽ መመሪያው በሚለው ልክ ጨምሮ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ነው። ውሃው ከደፈረሰ መጀመሪያ ማጥለል ወይም እንደ ቢሻን ጋሪ ያለውን፣ አጥልሎም የሚያክመውን ዱቄት መጠቀም ይሻላል፤ ድፍርስ ውሃ ክሎሪንን ይበላልና። ችግሩ ሰው የሚያስታውሰው አተት ገባ ሲባል ብቻ መሆኑ ነው። ወሬው ሲበርድ ጠርሙሱ መደርደሪያ ላይ ይረሳል።

የሚሞላው ጉድጓድ

አሁን ማንም ማንሳት ወደማይወደው ጉዳይ ልግባ። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው በኢትዮጵያ ከተሞች ከመቶ ቤተሰብ 97ቱ የተሻሻለ የሚባል የውሃ ምንጭ ነበራቸው። በዚያው ጥናት፣ በእነዚያው ከተሞች፣ ከሌላ ቤተሰብ ጋር የማይጋሩት የተሻሻለ መጸዳጃ ያላቸው 16 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሌላ 35 በመቶ የሚሆኑት መጸዳጃቸው ከሌላ ቤተሰብ ጋር የሚጋሩት ነው። በ97ና በ16 መካከል ያለው ልዩነት የከተማ ጤናችን ችግር ያለበት ቦታ ነው ብዬ አምናለሁ። ውሃ ማስገባት ሪባን ይቆረጥለታል። ሽንት ቤት ግን ምረቃ የለውም።

አዳማ ውስጥ አብዛኛው ሰው የሚኖረው በኪራይ ግቢ ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ስድስት ስምንት ክፍል፣ አንድ ቧንቧ፣ ጥግ ላይ አንድ ሽንት ቤት። ጉድጓዱ ሲሞላ አከራዩ የመምጠጫ መኪና ይጠራል፤ ዋጋው ሲከብደው ያዘገየዋል። ሲዘገይ ጉድጓዱ ወደ ጎን ይሰርጋል ወይም ከላይ ይሞላል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ከተማዋ በኮረብታ የተከበበ ዝቅታ ላይ ስለሆነች ጎርፉ በሰፈር መካከል ነው የሚያልፈው። ጎርፍ ሲመጣ ጠብቆ ጉድጓዱን ወደ ቦይ የሚለቅ ሰውም አለ፤ ዝናብ ያጥበዋል ብሎ ነው። ዝናብ አያጥበውም፤ ወደ ታችኛው ሰፈር ይወስደዋል፣ ከዚያም ቅድም ወዳነሣነው የተሰነጠቀ ቱቦ።

መኪናው መጥቶ ቢመጥጠው እንኳ ነገሩ ገና ግማሽ ነው። የተመጠጠው የት ተደፋ? በዓለም አቀፉ መለኪያ መጸዳጃ «ደኅንነቱ የተጠበቀ» የሚባለው ሰው የማይጋራው ሲሆንና ቆሻሻው እዚያው በደኅና ሲቀበር ወይም ተወስዶ ሲታከም ነው። መታከም ማለት ማድረቂያ አልጋ፣ ኩሬ፣ ጠባቂ፣ በጀት ማለት ነው። ሜዳ ላይ ወይም ወንዝ ዳር የተደፋ ከሆነ ለአንድ ግቢ ንጽሕና ተብሎ ለሌላው በሽታ ተልኳል። አትክልቱም እዚሁ ይገባል፦ በተበከለ ውሃ የለማ ሰላጣና ቲማቲም ገበያ ወጥቶ ጥሬውን ይበላል፤ ቤቱ ንጹሕ ውሃ ያለው ሰውም አያመልጥም።

አተት የምንለው አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት፣ ኮሌራንም ጨምሮ፣ በዚህ መንገድ ነው የሚዞረው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2022 ባሌ ላይ የጀመረው የኮሌራ ወረርሽኝ ወደ ሌሎች አካባቢዎች ተዛምቶ ረጅም ጊዜ ቆይቷል። ኮሌራ ሰውን በሰዓታት ውስጥ አድርቆ ሊገድል ይችላል፤ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በጊዜ ያገኘ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል። አዳማ የመናኸሪያ ከተማ ናት፤ ከሐረር፣ ከድሬዳዋ፣ ከአሰላና ከባሌ የሚመጣው መንገደኛ እዚህ ይወርዳል፣ እዚህ ይበላል፣ እዚህ ይጸዳዳል። መናኸሪያ አካባቢ ያለው የሕዝብ መጸዳጃ ሳሙናና ውሃ አለው ወይ የሚለው ጥያቄ የከተማ ውበት ጉዳይ ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም።

እጅ መታጠብን በተመለከተ እኛ ኢትዮጵያውያን ራሳችንን ንጹሕ አድርገን እናያለን፤ ምክንያትም አለን። እንግዳ ሲመጣ ማስታጠቢያው ይቀርባል፣ ታናሹ ኩስኩስቱን ይዞ ያስታጥባል፣ ሳይታጠቡ ማዕድ መቅረብ ነውር ነው። ግን ልብ በሉ፦ ሥርዓቱ ያለው ለበላተኛው ነው። ወጡን ለሠራችው፣ ሕፃኑን ላጠበችው፣ ከሽንት ቤት ለተመለሰው ማስታጠቢያ የሚያቀርብ የለም። ሳሙናውም ብዙ ጊዜ የሚወጣው ከበሉ በኋላ ቅባቱን ለማስለቀቅ ነው። እጅን በሳሙና መታጠብን ማስፋፋት ተቅማጥን በ30 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ ጥናቶች ያሳያሉ። በኮቪድ ጊዜ በየሱቁ በር የተተከሉት ፔዳል ያላቸው መታጠቢያዎች ልማዱን ለመቀየር ጥሩ አጋጣሚ ነበሩ፤ ፍርሃቱ ሲያልፍ ውሃ የሚሞላቸው ጠፋ።

ትምህርት ቤት ውስጥ በር የሌለው ሽንት ቤት የወር አበባ ላይ ያለችን ተማሪ ቤት እንደሚያስቀር፣ ፊት መታጠቢያ ውሃ ማጣት ትራኮማን እንደሚያባብስ መጨመር ይቻላል። እነዚህ በብዙ የተባለላቸው ናቸውና እዚህ አላረዝማቸውም።

ይልቅ ብዙ የማይነገር አንድ ውጤት አለ። በባንግላዴሽና በኬንያ የተደረጉት ዋሽ ቤኔፊትስ የተባሉት ሙከራዎችና በዚምባብዌ የተደረገው ሻይን የተባለው ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2018 እና በ2019 ውጤታቸው ይፋ ሲሆን የዘርፉን ሰዎች አስደንግጠዋል። ለገጠር ቤተሰቦች የተሻሻለ መጸዳጃ፣ ክሎሪንና የእጅ መታጠቢያ ተሰጠ። የሕፃናቱ ቁመት ግን በዚያ ምክንያት አልጨመረም። ባንግላዴሽ ላይ ተቅማጥ ቀነሰ፤ ኬንያና ዚምባብዌ ላይ እሱም አልቀነሰም። አንዳንዱ ይህን ይዞ «ታዲያ ለምን እንደክማለን?» ይላል። እኔ የማነበው በተቃራኒው ነው። ክሎሪን ጠርሙስና አንድ ጉድጓድ በየቤቱ ማደል አይበቃም፤ ውሃው ግቢ ድረስ ሳይቋረጥ ካልደረሰ፣ የሰውም የእንስሳውም ዓይነ ምድር ሕፃን ከሚድህበት መሬት ካልራቀ፣ ጎረቤትም አብሮ ካልጸዳ በሽታው መንገድ አያጣም። በ2016ቱ ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 38 በመቶው ለዕድሜያቸው የቀነጨሩ በነበሩባት አገር ይህ ውጤት ትልቅ ክብደት አለው።

ከዚህ ተነሥቼ ከከተማው ልጠይቅ የምፈልገው አዲስ ግድብ አይደለም። በየመስመሩ ጫፍ፣ ማለትም ውሃው መጨረሻ በሚደርስባቸው ሰፈሮች፣ የሚለካው የክሎሪን መጠን በየሳምንቱ በየቀበሌው ይለጠፍ። መለኪያው በኪስ የሚያዝ ነው። ቁጥሩ ዜሮ የሆነበት ሳምንት ነዋሪው ውሃ አጋሩን ከመደርደሪያ ያወርዳል፤ ያልተነገረውን ግን ሊጠነቀቅ አይችልም። ሁለተኛው ስለ ግል ጉድጓድ ነው። ሆቴሉም፣ ፋብሪካውም፣ አዲስ ቤት የሚሠራውም ፈረቃው ሲሰለቸው መቆፈር ይጀምራል፤ ውሃው ኩልል ብሎ ሲወጣም ደስ ይለዋል። ፍሎራይዱ ሳይለካ ለመጠጥ እንዳይውል ማስገደድ ያስፈልጋል። የወንጂን ታሪክ በየግቢው በትንሽ በትንሹ መድገም የለብንም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ጉድጓዱን የማስመጠጥ ወጪ ነው። የውሃ ሒሳብ በወር በወር በትንሽ በትንሹ ይከፈላል፤ መምጠጥ ግን አንዴ መጥቶ ወፍራም ብር ይጠይቃል፤ ስለዚህ ይዘገያል። ከውሃ ሒሳቡ ጋር ትንሽ ትንሽ እየተከፈለ መኪናው በፕሮግራም ቢመጣ ማንም ሞልቶ እስኪፈስ አይጠብቅም ነበር። ይህ እስኪሆን ድረስ አከራይና ተከራይ የሚዋዋሉበትን ወረቀት ማየት ጥሩ ነው። የመብራቱ፣ የውሃው፣ የጥበቃው ክፍያ የማን እንደሆነ በዝርዝር ይጻፋል። ሽንት ቤቱ ሲሞላ የሚያስመጥጠው ማን እንደሆነ፣ በስንት ጊዜ አንዴ እንደሆነ የሚጽፍ ውል ግን እስካሁን አላጋጠመኝም፤ አንድ መስመር ነው የሚጨምረው፣ የቤት ደላሎቹም በቀላሉ ሊያስገቡት ይችላሉ።